ያላረፈ እንጨት

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ወንድሜ ይርጋ ከመሰንጠቂያ ቤት የዋንዛ ጣውላ አስጭኖ መጣ። ያን ቀን የተለየ ነገር አልነበረም። ይህን የምለው ለቅሶ የሚደርሱ ሰዎች «ምንም አልታየህም? ልብህ ምንም አላለህም?» እያሉ ስለሚጠይቁኝ ነው። ምንም አላለኝም። ጥቅምት ነበር። ፀሐይዋ ደህና ነበረች። የጎረቤት ሬዲዮ ይጮሃል። ይርጋ ከአይሱዙው ላይ ዘሎ ወረደ፣ እጁን በሱሪው ጠረገና «ና አንተ ባለ ዲግሪ፣ ጫፉን ያዝ» አለኝ።

ዲግሪ የለኝም። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ውጤት ስላልመጣልኝ ከእሱ ጋር ነበር የምሠራው። እሱ ግን ፊደል ከምቆጥርበት ጊዜ ጀምሮ እንዲህ ነበር የሚጠራኝ፤ ውጤቱ ሲመጣም አልተወውም። ቢተወው ይከፋኝ ነበር መሰለኝ።

ጣውላው ገና ከመጋዝ የወጣ ነው። ስንሸከመው እርጥበቱ ሸሚዛችንን አልፎ ትከሻችን ላይ ይደርሳል። እርጥብ ዋንዛ ይከብዳል። ሽታውን እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። ጎምዘዝ ይላል፤ ትንሽ ይጣፍጣል፤ ዝናብ የመታው አፈር ላይ እርሾ የፈሰሰ ይመስላል። ግቢያችን ውስጥ፣ ከግድግዳው ሥር፣ ጣውላ በጣውላ ላይ አጋደምነው።

«አሁን እንደርድረው?» አልኩት።

«ቀሪውን ላምጣ። ሾፌሩ ሳይመሽ ልመለስ እያለ ነው። ነገ በጠዋት እንደረድረዋለን፤ አንድ ሌሊት እንዲህ ቢያድር ምንም አይለው።» መኪናው ላይ እየወጣ ዞር አለ። «ትራሶቹን አውጥተህ ጠብቀኝ።»

ትራስ የሚለው፣ ጣውላ ሲደረደር በአንዱና በሌላው መሃል የሚገባውን ቀጭን እንጨት ነው። ንፋስ እንዲያልፍ። ሌላ አናጢ ትራስ ሲለው ሰምቼ አላውቅም። የእኛ ቤት ቃል ነው።

ትራሶቹን አውጥቼ ግድግዳውን አስደገፍኳቸው። ጠበቅሁት። ሊመሽ ሲል የግቢው በር ተከፈተ፤ የገቡት ግን አያ ሙላት ናቸው፣ የአባታችን ታላቅ ወንድም። ነጠላቸውን ዘቅዝቀዋል። ከኋላቸው ሰዎች አሉ። «ቁልቁለቱ ላይ ዘንቦ ነበር አሉ፣ መኪናው…» ብለው ጀመሩ። አልጨረሱትም። እኔም አልጨርሰውም።

ቤቱ በሰው ሲሞላ እኔ በሩ ላይ ተቀምጬ ነበር። እማዬ ስሙን እየጠራች ነው። ሴቶቹ ይዘዋታል። ማልቀስ እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ ግን አልመጣልኝም። የሚመጣልኝ ሽታ ብቻ ነው። ከግድግዳው ሥር ያለው ጣውላ ይሸተኛል፤ በሸተተኝ ቁጥር ደግሞ ሁለተኛ ክፍል የነበርኩበት ዓመት ይመጣብኛል።

አባባ ያረፉት ያ ዓመት ሊገባ ሲል ነው።

ያኔ የምንኖረው ወደ ጋፋት በሚወስደው የእግር መንገድ ዳር ነበር። አባባ በሐምሌ ታመው በሐምሌ አረፉ። በዚያ ዝናብ ደረቅ ጣውላ ከየት ይምጣ? ሳጥናቸው የተሠራው በዚያው ሰሞን ከተሰነጠቀ ባሕር ዛፍ ነው። ወንዶቹ ተሸክመውት ሲሄዱ ከሥሩ ውኃ ይንጠባጠብ ነበር። እኔ እንጨቱ እያለቀሰ መሰለኝ። ማንንም አልጠየቅሁም፤ ሰው ሁሉ እያለቀሰ እንጨቱ ቢያለቅስ ምን ይገርማል? ይርጋ ከሳጥኑ ጎን እየሄደ በነጠላው ጫፍ ያብሰው ነበር። ያብሰዋል፣ ደግሞ ይንጠባጠባል፣ ደግሞ ያብሰዋል።

ከጓሯችን ትልቅ ዋንዛ ነበረን። ፍሬው ሲበስል ቢጫ ነው፤ ውስጡ እንደ ንፍጥ ይዝለገለጋል፤ ይጣፍጣል። እኔ ግማሹን እበላለሁ፣ በግማሹ የተቀደደ ደብተሬን እለጥፍበታለሁ። ዛፉ ወደ ቤቱ ጣራ ማዘንበል ከጀመረ ቆይቷል። አባባ «ክረምቱ ይውጣና እቆርጠዋለሁ» ሲሉ ነበር፤ ክረምቱ ሲወጣ እሳቸው የሉም። ስለዚህ ከመስቀል በኋላ ይርጋ ቆረጠው። ይርጋ ያኔ ከተማ ውስጥ አንድ አናጢ ዘንድ ሥራ እየለመደ ነበር፤ የራሱ የሆነ እንጨት ግን ነክቶ አያውቅም። ግንዱን በመኪና ወስዶ አሰነጠቀው፤ ጣውላ ሆኖ ወደ ቤት መለሰው። ያን ቀን ነው ሽታውን መጀመሪያ ያወቅሁት።

እኔ የመሰለኝ በማግስቱ አልጋና ጠረጴዛ መሥራት የሚጀምር ነው። እሱ ግን ከቤቱ ጀርባ፣ ጥላ ካለበት ቦታ፣ ድንጋይ ደለደለ። ድንጋዩ ላይ ወፋፍራም እንጨት አጋደመ። ከዚያ አንድ ረድፍ ጣውላ፣ በላዩ ቀጫጭን እንጨት በአግድም፣ ደግሞ ጣውላ፣ ደግሞ ቀጫጭን እንጨት።

«ይሄ ትንንሹ ምንድን ነው ጋሼ?»

«ትራሱ ነው። ሊተኛ አይደል?»

«እንጨት ትራስ ምን ያደርግለታል?»

«አንተስ ያለ ትራስ ትተኛለህ?»

«እኔ ትራስ የለኝም» አልኩት። እውነቴን ነው፤ ያኔ ትራስ የሚባል ነገር አልነበረኝም።

ይርጋ የያዘውን ጣውላ አስቀመጠና በክርኑ ነካ አደረገኝ። «ይሄስ? ይሄ ክንድ የማን ትራስ ነው? ጠዋት ጠዋት ደንዝዞ መጋዝ አልይዝ እያለኝ!»

እውነት ነው። መደቡ ላይ አብረን ነበር የምንተኛው፤ ራሴ የሚያርፈው ክንዱ ላይ ነው።

«ታዲያ ለምን አሁኑኑ አትሠራውም?»

«አላረፈማ።»

«ማን?»

«እንጨቱ ነዋ! ከቆመበት ተቆረጠ፣ በመኪና ተንገላታ፣ በመጋዝ ተሰነጠቀ። ማረፍ አለበት።»

«ካረፈ በኋላስ?»

«ካረፈማ ይነሳል። አልጋ ይሆናል፣ በር ይሆናል። ላንተም ጠረጴዛ ይሆናል። ባለ ዲግሪ ጉልበቱ ላይ አይጽፍም።»

እኔ የማውቀው ያረፈ አንድ ሰው ብቻ ነው። በዚያ ክረምት ቤታችን የገባ ሁሉ «አረፉ፣ አረፉ» ሲል የሰማሁት ስለ አባባ ነው። አሁን ነገሩ ገባኝ ብዬ ደስ አለኝ። ማረፍ ማለት ለጊዜው ነው ማለት ነው። ማንም አልነገረኝም እንጂ።

«አባባስ? ካረፉ በኋላ ምን ይሆናሉ?»

የይርጋ እጅ ጣውላው ላይ ቆመ። ወደ ጓሮው፣ ወደ ዋንዛው ጉቶ ተመለከተ።

«ትራስ አቀብለኝ» አለኝ።

አቀበልኩት።

ደርድረን ስንጨርስ ከላይ አሮጌ ቆርቆሮ አለበስነው፤ ቆርቆሮው ላይ ድንጋይ ጫንን። የጣውላውን ጫፍ ጫፍ በእበት ለቀለቀው። እማዬ ከቤት ወጥታ አየችንና «እናንተ ልጆች፣ እንጨቱን ግድግዳ አደረጋችሁት?» አለች። ይርጋ «ጫፉ ቀድሞ ከደረቀ ይሰነጠቃል እማዬ» አላት። እማዬ ሳቀች። ከሐምሌ ወዲህ ሳቋን ሰምቼ አላውቅም ነበር። ስለዚህ እኔም አንድ እፍኝ እበት ይዤ ያልተቀባ ጫፍ ፍለጋ ዞርኩ፤ ሳላገኝ ስቀር የበሩን መቃን ቀባሁት።

በመጨረሻ ይርጋ ከአንድ በኩል ተንበረከከ። «በዚያ በኩል ዙር። ጎንበስ በል። ማዶ ይታይሃል?»

ዞሬ ጎንበስ አልኩ። በሁለት ጣውላ መሃል ጠባብ ብርሃን አለ፤ ብርሃኑ ውስጥ አንድ ዓይን አለ።

«አየሁህ!» አለ ዓይኑ።

«እኔም አየሁህ!»

«በቃ ጥሩ ነው። ማዶ ከታየ ንፋስ ያልፋል።»

ከዚያ በኋላ ጨዋታችን ሆነ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ደብተሬን ሳላስቀምጥ ወደ ጀርባ እሮጣለሁ። ይርጋ ከከተማ ሲመጣ በሌላው በኩል ይንበረከካል። አንዳንዴ ጣውላውን በጣቱ አጥንት እያንኳኳ ጆሮውን ይሰጣል። እርጥብ እንጨት «ድም» ነው የሚለው፣ ድምፁ ወደ ውስጥ ይቀራል፤ የደረቀ ግን «ቋ» ይላል። እኔ ይህን አላውቅም፤ በር እንደሚያንኳኳ ሰው ነቅቶ እንደሆን እየጠየቀው መስሎኝ ከኋላ ተደብቄ «ተኝቻለሁ!» እላለሁ። «እንግዲያው ተኛ» ይለኛል።

ኅዳር ላይ ብርዱ በረታ። ከጉና የሚወርደው ንፋስ ጆሮ ይቆርጣል፤ ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ያድራል። አንድ ቀን ጠዋት ከይርጋ ክንድ ላይ ራሴን ሳነሳ አባባ ትዝ አሉኝ። እንጨቱ እንኳ በትራስ ላይ ነው የሚያርፈው። እሳቸው ግን ሲቀበሩ ትራስ ሲገባላቸው አላየሁም።

ከጣውላው ድርድር ከላይኛው ረድፍ አንድ ትራስ ስቤ አወጣሁና ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። መቃብራቸው በአጥሩ በኩል፣ ከወይራው ሥር ነው። እንጨቱን በራስጌያቸው በኩል አፈሩ ውስጥ ወተፍኩት። መሬቱ ስለደረቀ እምቢ አለኝ፤ በድንጋይ መታሁት። ሲቆም እንደ ችካል ነው የሆነው። ትራስ አልመሰለም።

ይርጋ ፍለጋ ሲመጣ እዚያው ተቀምጬ አገኘኝ። ትራስ መጉደሉን አይቷል። ይቆጣል ብዬ ተነሳሁ። እሱ ግን ጎኔ ቁጢጥ አለ። እንጨቱን አየው፣ እኔን አየኝ። ምን እንደማስብ የገባው ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ምንም አልጠየቀኝም። እንጨቱን ነቀለው፣ አፈሩን በእጁ ጫር ጫር አደረገና አጋደመው።

«እንዲህ ነው» አለኝ። «ትራስ በአግድም ነው የሚገባው።»

አፈር መለስንበት። ወደ ቤት ስንሄድ እጄን ይዞኝ ነበር። «ለእንጨቱ ሌላ እንጠርባለን» ብቻ ነው ያለኝ።

ታኅሣሥ ላይ አያ ሙላት መጡ። ወንድ ልጃቸውን በጥር ሊድሩ ነው። ድርድሩን እየዞሩ አዩት፣ በዱላቸው ነካ ነካ አደረጉት።

«ይሄን የመሰለ ጣውላ እዚህ ተኝቶ እኔ ለልጄ አልጋ ልፈልግ ነው?»

ይርጋ ተነስቶ ቆመ። «አያ፣ ሰስቼ አይደለም። እንጨቱ ገና ነው። አላረፈም።»

«ምን አልከኝ?»

«አላረፈም አያ።»

«ያረፈው ወንድሜ ነው!» አሉ አያ። «እሱስ ሲያርስ ኖሮ ደክሞት ነው። እንጨት ምን ሠርቶ ደክሞት ያርፋል?»

እማዬ ከበሩ ላይ ሆና «ይውሰዱ ይርጋዬ፣ ያባትህ ታላቅ ናቸው» አለችው። ይርጋ ቆርቆሮውን አነሳ፤ ከላይ ከላይ ያሉትን ጥቂት ጣውላዎች ራሱ አወረደላቸው። «ለፋሲካ ቢቆይ…» አለ። አያ ሰምተውታል፤ ግን አልሰሙም።

እኔ ያን ቀን አያ ሙላትን ጠላኋቸው። የጠረጴዛዬን እግር የወሰዱ መስሎኝ ነበር።

ሠርጉ አማረ። አልጋውም በሰው ፊት ቆሞ አማረ፤ አይቼዋለሁ፣ ይርጋ ግን አጠገቡ አልደረሰም። ከዚያ የየካቲት ፀሐይ መጣ። አንድ ቅዳሜ አያ ሙላት ሰላምታ እንኳ ሳይሰጡ ድርድሩ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«ይርጋ።»

«አቤት አያ።»

«አልጋው ይናገራል።»

ይርጋ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁት። «ምን ይላል አያ?»

«ሌሊት ሌሊት ጧ! ይላል። ሙሽራዋ ጥይት መስሏት 'ደመኛ ያለበት ቤት ነው የሰጣችሁኝ' ብላ እናቷ ዘንድ ልትሄድ ነበር። አንድ እግሩ ደግሞ መሬት አልነካም ብሎ ተንጠልጥሏል፤ ድንጋይ አስደግፈንለታል።»

«አናጢው ምን አለ?»

«አናጢው ምን ይላል! አልጋው ራሱ ይናገር የለ? 'አላረፍኩም፣ አላረፍኩም' ነው የሚል!» አሉና ቀድመው ሳቁ። ያኔ ይርጋም መቻሉን ተወው። እማዬ ወጥታ «ምንድን ነው?» ስትል ሁለቱም መናገር አቅቷቸው እንባቸውን ይጠርጉ ነበር። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ጥላቻዬን የት እንደጣልኩት አላውቅም።

ይርጋ በማግስቱ ሄዶ አልጋውን ፈታታው፤ ከቆየ ባሕር ዛፍ ሌላ ሠራላቸው። የተጠማዘዙትን ጣውላዎች መልሶ አመጣና ደረደራቸው። «ደክሟቸዋል» አለኝ።

የእኛው ዋንዛ «ቋ» ያለው ክረምቱ መጥቶ ከሄደ በኋላ ነው። የመጀመሪያው ጣውላ ጠረጴዛዬ ሆነ። ቀሪውን ይርጋ አልሠራበትም። ከተማ ስንገባ አብሮን መጣ፤ የሥራ ቤታችን ቆጥ ላይ ወጣ። ደንበኛ ቀና ብሎ እያየ «ይሄንን አትሰጠኝም?» ሲለው «የአባባ ነው» ይላል። «ለመቼ ነው የምታስቀምጠው?» ስለው ደግሞ ትከሻውን ይሰብቅ ነበር። የሚያውቅ አይመስለኝም።

የለቅሶው ሌሊት ነጋ። ዓርብ በጠዋት የይርጋ የሙያ ጓደኞች መጋዝና መዶሻ ይዘው መጡ። አናጢ ሆኖ ሳጥን አይገዛለትም፣ እኛ እንሠራለታለን ብለው ነው። ከግድግዳው ሥር ያለው ጣውላ ጤዛ ይዞ ነበር። አንዱ ጎንበስ ብሎ ጫፉን አነሳ።

«ጣውላ እዚሁ አለ አይደል? ከዚህ እንውሰድ።»

«እሱን ተወው» አልኩ።

ቀና ብሎ አየኝ። «ለምን?»

«አላረፈም።»

ሰውዬው አልገባውም። ሐዘን የመታው ሰው ምን እንደሚል አያውቅም ብሎ ሳይሆን አይቀርም፤ ቀስ ብሎ «ለሳጥን እኮ ነው ወንድሜ። ለሳጥን እርጥቡም ይሆናል» አለኝ። ለሳጥን እንደሚሆን አውቃለሁ። ሲንጠባጠብም አይቻለሁ።

አያ ሙላት ዱላቸውን ተደግፈው በሩ ላይ ቆመው ነበር። አርጅተዋል። «አልሰማህም?» አሉት። «አላረፈም ብሎሃል፤ አስቀምጠው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ያረፈው የት ነው?»

ቆጡን አሳየኋቸው።

ጣውላዎቹ ወረዱ። አያ በጣታቸው አጥንት አንዱን አንኳኩ። ቋ። እጃቸውን እዚያው ላይ አቆዩት።

«የወንድሜ ዋንዛ ነው?»

«አዎ አያ።»

«ይርጋ ለዚህ ብሎ አልነበረም ያስቀመጠው።»

«አልነበረም አያ።»

«በል» አሉና ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። «ይሁን።»

ሰዎቹ መቁረጥ ጀመሩ። ደረቅ እንጨት ሲቸነከር ድምፁ ጥርት ያለ ነው። ግድግዳውን ካስደገፍኳቸው ትራሶች አንዱን አነሳሁና መዶሻ ለያዘው ሰጠሁት። «ከራሱ በታች ነው» አልኩት። «በአግድም።» ለምን ብሎ አልጠየቀኝም።

ከዚያ ለእርጥቡ ጣውላ ድንጋይ ደለደልኩ። አንዲት የጎረቤት ሴት «ምነው ይሄ ልጅ፣ ወንድሙ ሳይወጣ ሥራ?» ስትል ሰማሁ። እማዬ ከውስጥ፣ ድምፅዋ ተዘግቶ፣ «ተዉት» አለች። አንዱን ጣውላ በአንድ ጫፍ አነሳሁት። ብቻዬን አይነሳም፤ እርጥብ ነው። ከወዲያኛው ጫፍ ቀለል ሲለኝ ቀና አልኩ። አያ ሙላት ዱላቸውን ጥለው ይዘውታል። «ምን ታየኛለህ፣ አንሳ እንጂ» አሉኝ። አንድ ረድፍ ጣውላ፣ ትራስ በአግድም፣ ደግሞ ጣውላ። ላባችን ከጤዛው ጋር ተቀላቀለ። ቆርቆሮ አለበስነው። ድንጋይ ጫንን። ጫፉን በእበት ለቀለቅሁት።

በመጨረሻ ተንበርክኬ በጣውላዎቹ መሃል አየሁ። ማዶ ይታያል። የግቢው ግድግዳ፣ ግድግዳው ሥር ትንሽ ሣር። ሌላ ምንም የለም። ንፋሱ በመሃል አልፎ መጣና ዓይኔን መታኝ፤ ያኔ ነው ያለቀስኩት።

ከዚያ ተነሳሁ። እጄን በሱሪዬ ጠረግሁና ሳጥኑን ልሸከም ገባሁ።